የአበልጄ ዓርብ

እኔ ሰው ላይ መጮኽ እንጂ ራሴን መውቀስ አይሆንልኝም። ባሌ «አንቺ ይቅርታ የምትጠይቂው ሰውዬውን ከሰደብሽው በኋላ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ለዚህ ይሆናል የስንዴው ነገር ሆዴ ገብቶ አልወጣ ያለኝ። የምጮኽበት ሰው የለውማ! ዝናብ ላይ አይጮኽ፤ የጮኽኩ ቀንም አልሰማኝም።

ቤታችን ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ነው፤ ደጃፍ ላይ ሲቆሙ የጮቄ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ባሌ ለእርሻና ለዘር ይመጣል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ የሕንጻ ሥራ ላይ ይውላል። አጨዳው የእኔ ነው። ብቻዬን ግን አይደለሁም፤ ወንፈል አለን። አራት ቤት ሆነን ዛሬ የአንዱን እናጭዳለን፣ ቀጥሎ የሌላውን፣ እንዲህ እያልን ዙሩን እንሞላለን። ማን ይቅደም የሚለውን የሚለየው ዕጣ ነው። አጨዳ ሊጀመር ሲል አራት ስንጥር ይቆረጣል፤ አጭሩን የሳበ ይቀድማል፣ ረጅሙን የሳበ መጨረሻ ይሆናል። በዕጣ የወጣ ተራ ደግሞ አይነካካም። እግዜር የሰጠው ነው ይባላል።

ከአራቱ አንዱ አበልጄ ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፣ ማሳቸው ከእኔ ደጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት ቢያንሱ ነው። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ሲቀልዱ ፊታቸው ስለማይስቅ ቀልዱ የሚገባን ቆይቶ ነው። ማጭድ ሲይዙ ግን ጎረምሳ አይደርስባቸውም። ክምርማ የእሳቸው ነው። ነዶውን እያዞሩ እየደረደሩ ጫፉን እንደ ጎጆ ክዳን ያሾሉታል፤ እሳቸው የከመሩት ክምር ሳምንት ቢዘንብበት ውስጡ ደረቅ ነው።

ያላቸው ያ ከወንዙ ማዶ ያለው የስንዴ ማሳ ነው። ከሱ ይበላሉ፣ ከሱ ዘር ያስቀራሉ። ጥሩ ከያዘላቸው ጥንድ በሬያቸውን ሳይነኩ ዓመቱን ይሻገራሉ፤ ካልያዘላቸው አንዱ በሬ ገበያ ይወጣል። እኛ አገር ጥንድ በሬ ያለው ሰው በገዛ ቀኑ ያርሳል። አንድ በሬ የቀረው ግን የሰው ፊት እያየ ነው የሚያርሰው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ፤ አባቴ አንድ በሬ የቀረው ሰው ነበር።

ሰማዩን ተዉት። ዱሮ ዓመል ነበረው ይላሉ፤ ሲገባም ሲወጣም ይታወቃል። የአሁኑ ግን አንዱን ዓመት ሰኔ ሙሉ አፈር ያስልሰናል፤ ሌላውን ዓመት ደግሞ መስቀል ካለፈ በኋላ ዕቃ እንደረሳ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል። አባቶቻችን «ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል» ብለው ተርተዋል። ለእኛ ደግሞ ኅዳሩ ክረምት እየመሰለ አስቸገረን። ስልክም ሬዲዮም አለ፤ ይዘንባል ሲሉን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አይዘንብም ሲሉን ጃንጥላ እንፈልጋለን።

ያን ዓመት ስንዴው ደህና ይዞ ነበር። ዕጣው ሲወጣ አበልጄ ሦስተኛ፣ እኔ መጨረሻ ሆንኩ። የእሳቸው ቀን ዓርብ ላይ ዋለ።

ሐሙስ ዕለት የሁለተኛውን ቤት ስናጭድ ባሌ ከደብረ ማርቆስ ደወለ። ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ዝናብ ይጥላል ተብሏል አለኝ። የሰማሁትን ለሁሉም ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ በዚያው ሰሞን ሁለት ጊዜ ይዘንባል ተብሎ ደመና እንኳ ዝር አላለም ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል? ማጭዴን እንደያዝኩ ወደ አበልጄ ሄድኩና ዓርብን እንዲለቁልኝ ለመንኳቸው። ስንዴዬ እየረገፈ ነው አልኳቸው። እውነትም እየረገፈ ነበር። የእሳቸውም እየረገፈ ነበር።

ከወንፈላችን አንዷ፣ ነገር የማያልፋት ሴት፣ ከወዲያ ሆና ዕጣ አይነካካም፣ ጦሱ ለራስሽ ይተርፋል አለችኝ። እኔም ምላስሽ ከማጭድሽ ይልቅ ተስሏል ብዬ መለስኩላት፤ ሁሉም ሳቀ። አበልጄ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ነዶ እያሰሩ ነበር።

«አንድ ቀን ብቻ ነው» አልኳቸው።

አንድ ቀን! ዓርብ ካለፈ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ እኛ ዘንድ ማጭድ አይነሣም። ሰኞ ታቦታችን የሚነግሥበት ዕለት ነበር። ዓርብን ለእኔ ከሰጡ የእሳቸው ተራ ማክሰኞ ላይ ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ቄስ መሆን አያስፈልግም፤ በዓል የሚቆጥር ሕፃን ያውቀዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አንድ ቀን የሚለው ቃል ግን ከአፌ ሲወጣ አላነቀኝም።

«ውሰጂው፣ አበልጄ» አሉኝ።

ይኸው ነው ያሉት። ከነዶው ላይ እጃቸውን አላነሡም። ወደ ጮቄ አላዩም፣ ወደ ማሳቸውም አላዩም፣ ሰማዩን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም። ደስ ብሎኝ ወደ መስመሬ ተመለስኩ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ከሚስታቸው ጋር መጡ። ሚስታቸው የእኔ እኩያ ናት፤ ያን ቀን ከእኔ ርቃ የዳሩን መስመር ያዘች። አበልጄ ግን ለእኔ ማሳ የራሳቸውን ያህል ደከሙ፤ እንዲያውም ምሳ ሲቀርብ «ቆይ ይቺን ልጨርስ» እያሉ እኛን አስጠበቁን። ጀምበር ሳትጠልቅ ታጭዶ ተሰበሰበ። ሌሎቹ ነዶ አቀበሏቸው፣ እሳቸው ላይ ሆነው ከመሩት። ወርደው ዞር ዞር ብለው አዩት፣ የተንጨባረረውን በእጃቸው ደባብሰው አስተካከሉት፣ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጮቄ ጠቁሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ ወዲያው በረዶው ወረደ። እንዴት ያለ በረዶ! ቆርቆሮው የፈረሰ መሰለኝ። ቀጥሎ ዝናቡ ያዘና አልለቅ አለ። በሩ ላይ ቆሜ ክምሬን አየሁት። ውሃው በጎንና በጎኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ክምሩ ንቅንቅ አላለም።

«ተመስገን» አልኩ።

ከአፌ የወጣ የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኔ ወደ ማዶ የሄደው። የአበልጄ ማሳ በዝናቡ ውስጥ ደብዝዞ ይታየኛል፤ ጠዋት ቆሞ የነበረው ስንዴ ቆሞ አልነበረም። አፌን በእጄ ያዝኩ። የወጣ ተመስገን ግን ተመልሶ አይገባም።

ዝናቡ ሰኞን ውሎ ማክሰኞን አደረ፤ ታቦቱንም እየዘነበበት ነው ያስገባነው። ሲያባራ አራታችንም ቤት ማጭዳችንን ይዘን ወደ ማዶ ተሻገርን። የሚታጨድ አልነበረም። በረዶው ያረገፈውን አርግፏል፣ የቀረው ጭቃ ላይ ተኝቷል። ከተኛው ላይ አንዱን ዛላ አነሣሁት፤ ፍሬው እዚያው ዛላው ላይ እንዳለ በቅሏል። አበልጄም አንድ አነሡና አገላብጠው አዩት።

«ዘንድሮስ ብቅሉን እግዜር ራሱ አበቀለልን» አሉ።

ፊታቸው እንደ ወትሮው አልሳቀም። እኛም ቆይቶ እንኳ አልሳቅንም። ያቺ ነገረኛዋ ሴት አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትለኝ በወደድኩ፣ መልስም አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ጭቃው ውስጥ ገባች። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ከጭቃው የሚለቀመውን ለቀምን፣ ማታ ላይ ወደየቤታችን ገባን።

ታኅሣሥ ላይ የእኔ ውቂያ ደረሰ። አበልጄን ልጠራቸው እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሳልጠራቸው ጥንድ በሬያቸውን እየነዱ መጡ። አውድማው ጠርዝ ላይ ቆመው «ይበርክት» አሉና በሬዎቹን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለው ማበራየት ጀመሩ። ሙሉ ቀን የእኔን ስንዴ ዞሩበት። ምርቱ ተለይቶ ሲቆለል እኔ ማየት አቃተኝ። በየዓመቱ ምርት ሲቆለል እልል የምለው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ የተበተነ ፍሬ ለቀምኩ። ሚስታቸው አየችኝ። ቀስ ብላ እልል ያለችው እሷ ነች።

በማግስቱ አንድ እንቅብ ሙሉ ስንዴ ተሸክሜ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። አውድማ ላይ ብሰጣቸው የድካም ዋጋ ይመስላል፣ የወንፈል ድካም ደግሞ በድካም ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ ከክርስትና ልጅዎ ቤት የመጣ የአዲስ እህል ቅምሻ ነው አልኩ። ሚስታቸው ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ቁጭ በይ አለችኝ። እንቅቡን ሳምንት ቆይታ ይዛልኝ መጣች። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እሷም ባዶውን አልመለሰችውም። ከዚያ ማሳ የተለቀመውን፣ የበቀለውን ስንዴ አድርቃ ብቅል አድርጋ እንቅቡን እስከ አፉ ሞልታዋለች።

«ለጠላሽ ይሁንሽ» አለችኝ። ክፋት በድምፅዋ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ጠመቅኩት። ጎረቤት ሁሉ ጥሩ ጠላ ነው አለ። እኔን ግን አንድ ጉንጭ እንኳ አልወርድ አለኝ።

በገና ጾም መጨረሻ ለንስሐ አባቴ ሄጄ ተናገርኩ። ዓርብን እንደ ለመንኩ፣ አንድ ቀን ነው እንዳልኩ፣ ተመስገን እንዳልኩ፣ ሁሉንም። ቀኖና እንዲሰጡኝ ፈልጌ ነበር፤ ስገጂ ቢሉኝ ግንባሬ እስኪላጥ እሰግዳለሁ፣ ጹሚ ቢሉኝ እጾማለሁ። እሳቸው ግን ጸጉራቸውን አከክ አደረጉና ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ ዝናቡን ያዘነበው እግዚአብሔር ነው። የለመንሽው ሰው ፈቅዶ ሰጠሽ። ለየትኛው ኃጢአት ነው የምቀጣሽ?»

ተናደድኩ። ቄስ ፊት ባልሆን ምን እንደምል አውቃለሁ። ሰው ሸክሙን ሊያራግፍ መጥቶ ሸክም የለብሽም ሲባል ወዴት ያድርሰው? ከነሸክሜ ተመለስኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የእኔ ሆድ ያውቅ ነበር።

ጥር ላይ፣ ገበያ ቀን፣ ወደ ሮብ ገበያ ስወጣ መንገድ ላይ አበልጄን አገኘኋቸው። ቀዩን በሬያቸውን በገመድ ይዘው ይሄዳሉ። ያ በሬ በታኅሣሥ የእኔን አውድማ ሲዞር የዋለው ነው። ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። እሳቸው ደህና አደርሽ ብለው ልጆቼን አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ ባሌንም ጠየቁኝ። አብረን ትንሽ እንደሄድን አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። መንገድ ላይ፣ ገበያተኛ እያየኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ የእርስዎን ዓርብ ወስጄ ነው ለዚህ ያበቃሁዎት አልኳቸው። ቆሙ። በሬውም ቆመ።

«ምን ሆነሻል? ዝናቡን አንቺ አላመጣሽው። ብትለምኚኝ ሰጠሁሽ። አንቺም ብትሆኚ ትሰጪኝ ነበር።»

«እንዴታ!» አልኩ።

እንዴታ ማለት ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ገበያ ውስጥ ስዞር ግን ያ ቃል ተከተለኝ። ጨው ስገዛ፣ በርበሬ ስመርጥ፣ ልብ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ተራው የእኔ ቢሆን፣ ስንዴዬ ቆሞ እየረገፈ፣ ዝናብ አለ እየተባለ፣ መጥተው ቢለምኑኝ እሰጣቸው ነበር? መልሱን አላገኘሁትም ብል ይሻለኛል። አገኘሁት። በሬው ተሽጦ ሲነዳ ከሩቅ አየሁና ፊቴን ወደ ሸማ ተራው አዞርኩ።

አንድ በሬ የቀረው ሰው መቀናጆ ይገባል፤ አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር አጣምሮ በየተራ ያርሳል። አበልጄም ከሩቅ መንደር ካለ ሰው ጋር ተቀናጁ። ባሌን ለምኜው የእኛን ጥንድ ላክንላቸው፤ ጥቂት ቀን አርሰው፣ በሬዎቹን አጥግበው መለሱልን፣ ከዚያ በላይ እሺ አላሉም። የተቀናጁት ሰው ስለቀደመ የእሳቸው ዘር ዘገየ። የዘገየ ዘር ደግሞ የኅዳርን ሰማይ ይለማመጣል።

ዘንድሮ እንደ ገና አራታችን ተሰብስበን ስንጥር ሳብን። እኔ ሦስተኛ፣ አበልጄ መጨረሻ ሆኑ። ያቺ ነገረኛዋ ሴት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየችና ስንጥሯን ጣለች። እኔ በልቤ እዚያው ተራዬን ልስጣቸው ብዬ ነበር። ቆይ ሲደርስ አልኩ። ሲደርስ ደግሞ ስንዴዬ ጎመራ፤ የወንዙ ዳር ያለው ረገፍ ረገፍ ማለት ጀመረ። እሳቸው ካልጠየቁ ምን አስቸኮለኝ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀኑ ደረሰ።

በእኔ ቀን ዋዜማ፣ የሌላ ሰው ማሳ ላይ እያጨድን፣ አበልጄ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ እኔ መጡ። እኒያ ሰው ለምነው አያውቁም። ልጄን ክርስትና ካነሡ ጀምሮ ከእኔ ቤት እሳት እንኳ ጠይቀው አያውቁም። ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከላይ በኩል ያለው ስንዴያቸው ቀድሞ ደርሶ ወፍ እየፈጀው መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤

«የነገውን ብትለቂልኝስ፣ አበልጄ?»

ዓመት ሙሉ የለመንኩት ይህንን ነበር። ሌት ተቀን ይጠይቁኝ፣ ልስጣቸው፣ ይውጣልኝ እያልኩ ነበር። መልሱም አፌ ላይ ነበረ። ግን ከመልሱ በፊት አንገቴ ቀና አለ። ወደ ጮቄ አየሁ። ጫፉ ላይ ትንሽ ደመና አለ፤ ነጭ ናት፣ ትጠቁር ይሆን ብዬ አየኋት። ከዚያ ወደ ማሳዬ አየሁ። ከዚያ ነው ወደ እሳቸው የተመለስኩት።

«ይውሰዱት! ምን ማለትዎ ነው፣ ይውሰዱት እንጂ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

አበልጄ እኔን አልነበረም የሚያዩት። ደመናዋን እያዩ ነበር፤ የእኔን ዓይን ተከትለው። ማጭዱን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ግድ የለም። ተራሽን ያዢ» አሉኝ።

ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ። አልተቆጡም። እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ፣ ወፉንም እንጠብቀዋለን፣ ቀኑ ሩቅ አይደለም እያሉ አረጋጉኝ። ወደ መስመራቸው ተመልሰው ጎንበስ አሉ። እኔ እዚያው እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ሚስታቸው ከአጠገባቸው ነዶ እያሰረች ነበር፤ ምን አለችዎ ብላ አልጠየቀቻቸውም።

በማግስቱ የእኔ ማሳ ታጨደ። አበልጄ እንደ ወትሮው ማልደው መጡ፣ እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድመው መስመራቸውን ጨረሱ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ያቺ ደመና እንኳ የለችም። በየመሐሉ ነገ የእርስዎን ነው እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም አዎ ይሉኛል።

ጀምበር ስትዘቀዝቅ ክምሬ ላይ ወጡ። ነዶ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። እያዞሩ ደረደሩት፣ ጫፉን አሾሉት፣ የተንጨባረረውን ደባብሰው አስተካከሉት። ወርደው ልብሳቸውን አራገፉና እኔን አየት አደረጉኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። በማያቸው ጊዜ ሁሉ ጎንበስ ያሉት ሰው፣ ያን ጊዜ ቀና ብለው ጮቄን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«አይዞሽ፣ አበልጄ፣ አይዘንብም» አሉኝ።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።